ሳቪየር ማሺን «ሌጀንድ»፦ ዘጌ ጀልባ ላይ የሰማሁት የዓለም መጨረሻ

መጀመሪያ ይሄ አልበም እንዴት እጄ እንደገባ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እዚህ ባህር ዳር ማንም ጠዋት ተነስቶ መንፈሳዊ ሜታል፣ ያ ከባዱ የጊታር ሮክ ማለት ነው፣ ፍለጋ አይወጣም። እኔ ስራዬ ጣና ላይ ጀልባ ነው፣ ሰው ይዤ ዘጌ፣ ክብራን ገብርኤል፣ እንግዳው ጊዜ ካለው ደግሞ ደቅና ዳጋ ድረስ አስጎበኛለሁ። ስራው ደህና በነበረበት ሰሞን አንድ ጀርመናዊ ሰውዬ ይዤ ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ገባን፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ጥቁር ቲሸርት፣ ጸጉሩ ትከሻው ላይ የተኛ፣ ብዙ የማያወራ። አብዛኛው ፈረንጅ እዛ ግድግዳ ፊት አስር ደቂቃ ፎቶ ያነሳና «ቡና የት ነው» ይላል፣ ይሄ ግን ዘንዶው ጋ ቆመ፣ ቆመ፣ ቆመ፣ እኔ የማስረዳው ሁሉ አልቆብኝ ቄሱን ማየት ጀመርኩ። ስንመለስ ጀልባው ላይ «እናንተ እንዲህ ያለውን ነገር ግድግዳ ላይ ትስላላችሁ፣ የዮሐንስን ራእይ በጊታር የሰሩት ደግሞ እኛ ጋ አሉ» አለኝ፣ ሆቴሉ በር ላይ ፍላሹን አውጥቶ ስልኬ ላይ ገለበጠልኝ። ቲፑም ጥሩ ነበር፣ እግዜር ይስጠው።

ፋይሉ ስልኬ ላይ ሳይነካ ወራት ተቀመጠ። በኋላ ቱሪስቱ ሲጠፋና ማታ ማታም በጊዜ ቤት መግባት ሲለመድ፣ አንድ ቀን ምን አለኝ ብዬ ስቆፍር አገኘሁት፣ ይኸው ከዛ ወዲህ ስንቴ እንደሰማሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል፣ ዝም ብዬ ከምይዘው ልጻፈው ብዬ ነው።

ባንዱ ሳቪየር ማሺን ይባላል፣ «የአዳኙ ማሽን» እንደማለት ነው መሰለኝ። የካሊፎርኒያ ልጆች ናቸው፣ ዘፋኙ ኤሪክ ክሌይተን ነው፣ ጊታሩን የተጫወተው ደግሞ ወንድሙ ጄፍ ክሌይተን። ዘፋኙ ጸጉሩን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ ፊቱን ነጭ ተቀብቶ ነው መድረክ ይወጣ የነበረው፣ ፎቶውን ያሳየሁት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያማትበው በዚህ ነው። ሌጀንድ ደግሞ አንድ ሲዲ አይደለም፣ የዮሐንስን ራእይ ይዞ የሚሄድ አንድ ረጅም ታሪክ ነው፣ አንደኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1997፣ ሁለተኛው በ1998፣ ከሦስተኛው ክፍል የመጀመሪያው ግማሽ ደግሞ በ2001 ወጣ። ራሳቸው «የዓለም ፍጻሜ ይፋ ያልሆነ ሳውንድትራክ» ነው ያሉት። ያሳተመላቸው የጀርመን ድርጅት ማሳከር ሬከርድስ ይባላል፣ ማሳከር ማለት ጭፍጨፋ ነው እንግዲህ፣ ስለ በጉ የሚዘምር አልበም ጭፍጨፋ በሚባል ቤት ታትሞ መውጣቱ ብቻውን ያስቃል። ከአገራቸው ይልቅ ጀርመን ውስጥ ነው የበለጠ የተወደዱት፣ የኔ እንግዳም እንግዲህ ከነዛ አንዱ መሆኑ ነው።

ሜታል ስል አብዛኛው ሰው የሚያስበው አውቃለሁ። ጃኖ ባንድ የመጣ ጊዜ እንኳ፣ ዜማው አማርኛ ሆኖ፣ ጊታሩ ጠንከር ስላለ ብቻ «ይሄ ምን ጩኸት ነው» ያሉ ሰዎች ነበሩ። ክርስቲያን የሆነ ሜታል ሲባል ደግሞ ጭራሽ ግራ ይገባል፣ ግን ከድሮ ጀምሮ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ስትራይፐር የሚባሉ ቢጫና ጥቁር መስመር የለበሱ ልጆች ከመድረክ ላይ ሐዲስ ኪዳን ለተመልካቹ ይወረውሩ ነበር፣ ስማቸውንም ከኢሳይያስ 53፥5፣ ከግርፋቱ ጋር ነው የሚያያይዙት። እነሱን ሰምቻቸዋለሁ፣ ደስ ይላሉ፣ ጸጉር ማወዛወዝ፣ ጭብጨባ፣ ከፍ ያለ ቀጭን ድምጽ። ሌጀንድ ከዛ ጋር ምንም አያገናኘውም። ይሄን ሰምቶ የሚጨፍር ሰው ካለ ሐኪም ይየው።

ምን ይመስላል ካላችሁ፣ እኔ ያለኝ ማነጻጸሪያ አንድ ብቻ ነው፣ በገና። ሳቅ የለም። በገና ሲመታ ስር ስሩን የሚሰማው ዝዝዝዝ የሚለው ነገር ምንድነው ብላችሁ ታውቃላችሁ? ክሩ ንጹህ ድምጽ እንዳይሰጥ ሆን ተብሎ እንዝራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ስሩ ትገባለች፣ እሷ ናት ድምጹን የምታርገበግበው። እንግዲህ ዲስቶርሽን የሚሉት፣ የሜታል ጊታር ድምጽ የሚሻክርበት ነገር፣ ከዚህ ሌላ ምንድነው? ፈረንጅ በኤሌክትሪክ አደረገው፣ እኛ በቆዳ። አስሩ አውታር እያርገበገበ፣ ከላይ አንድ ወንድ ዝቅ ባለ ድምጽ ስለ ሞትና ስለ ፍርድ ሲናገር፣ ሁዳዴ ላይ ማታ መብራት ጠፍቶ ስትሰሙት ደረት ላይ ነው የሚቀመጠው። ኤሪክ ክሌይተን እንደዛ ነው የሚዘፍነው። ወፍራም ድምጽ፣ ብዙ ጊዜ ከመዝፈን ይልቅ ማወጅ የሚመስል፣ ቃሉን ሳያጣድፍ አንድ በአንድ የሚያስቀምጥ። እንደ ሌሎቹ የሜታል ዘፋኞች እንደ አውሬ አያጓራም፣ አውሬው ራሱ ታሪኩ ውስጥ ስላለ ይመስለኛል።

ከስሩ ፒያኖ አለ፣ በጣም ብዙ ፒያኖ፣ ከዛ ኪቦርዱ እንደ መዘምራን እንደ ኦርኬስትራ እየሆነ ይነሳል፣ ጊታሩ ሲገባ እንደ ከባድ መኪና ዳገት ላይ ቀስ እያለ ነው። ሁሉ ነገር ቀስ ይላል። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ይሄ ነገር መቼ ነው የሚጀምረው እያልኩ ሃያ ደቂቃ አለፈ፣ ለካ ጀምሯል። ትዕግስት ለሌለው ሰው አልመክርም፣ እውነቴን ነው፣ አንዱ ክፍል ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፣ መሃል ላይ ቆርጣችሁ አንድ ትራክ ብቻ ልስማ ብትሉ ደግሞ ምንም አይገባችሁም፣ ቅዳሴ መሃል ላይ ገብቶ እንደመውጣት ነው።

አንድ ቀን ሞኝነቴ፣ ከፔዳ ወደ ጊዮርጊስ ስሄድ የባጃጁን ልጅ ብሉቱዙን አገናኝልኝ አልኩትና ለቀቅኩት። ልጁ ሁለት ደቂቃ ታገሰ። ከዛ በመስታወቱ አየኝና «ወንድሜ፣ ባጃጄን አታስረግምብኝ» አለኝ። አልፈርድበትም፣ የባጃጅ ስፒከር ላይ ፒያኖው ይጠፋና ሰውዬው ብቻውን የሚቆጣ ነው የሚመስለው። በሄድፎን ነው መሰማት ያለበት፣ እኔም አንድ ሱቅ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ የሸጠልኝ ሄድፎን በሁለተኛው ቀን የግራ ጆሮው ሞቶብኝ ግማሹን አልበም በአንድ ጆሮ ነው የሰማሁት፣ መዘምራኑ በግራ በኩል እንዳሉ ያወቅኩት የጓደኛዬን ስዋስ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ። አንደኛው ክፍል ስለ በጉ ይጀምርና ወደ ምጥ ጣር፣ ወደ ጎግ፣ ወደ እስራኤል መወረር፣ ወደ 3ኛው የዓለም ጦርነት ይሄዳል። እዚህ ጋ ነው እኔና አልበሙ መለያየት የጀመርነው። ሙዚቃው እዚህ ቦታ ላይ ነው ከሁሉም የሚበረታው፣ ከበሮው እንደ ሠራዊት እርምጃ ሆኖ፣ ጊታሩ እየጨመረ፣ እውነት ያስፈራል። ግን ሐሳቡን ስከተል የዮሐንስ ራእይ እንደ አውቶቡስ መናኸሪያ የሰዓት ሰሌዳ ሆነብኝ፣ መጀመሪያ ይሄ ጦርነት፣ ቀጥሎ ይሄ መንግስት፣ ቀጥሎ ያ። ይሄ አነባበብ እነሱ ጋ ቆየት ያለ ነው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጆን ኔልሰን ዳርቢ ከሚባል ሰባኪ ወዲህ እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ ተስፋፍቶ ብዙ ቤተክርስቲያን የሚያስተምረው ነው፣ እኛም አገር «ንጥቀት» እየተባለ፣ አማኞች ወደ ሰማይ ይነጠቃሉ ተብሎ ሲሰበክ የምትሰሙት ከዛው ወንዝ የተቀዳ ነው። ከሥራዎቹ አንዱ ደግሞ ርዕሱ ላይ እስልምናን ከሰይፍ ጋር ያያይዛል፣ እሱን አልወደድኩትም፣ በግልጽ ልናገር። የጀልባ ሞተሬን ሲበላሽ የሚጠግንልኝ ሰው ሙስሊም ነው፣ ዒድ ላይ እነሱ ቤት ነው የምውለው፣ የዓለም መጨረሻ ላይ እሱን ጠላት አድርጎ የሚያስቀምጥ ዘፈን ቢጣፍጥም አይዋጥልኝም።

ደግሞ አስቂኙ ነገር። ጎግ የሚባለው ነገር ከየት መጣ ብዬ ሕዝቅኤል 38ን ገልጬ አነበብኩ፣ ከጎግ ጋር የሚዘምቱት ሲቆጠሩ 5ኛው ቁጥር ላይ ማን አለ መሰላችሁ? ፋርስ፣ ኢትዮጵያ፣ ፉጥ። እኛ! ከነ ጎግ ጋር ተሰልፈን! እኔ እስከዛሬ የማውቀው «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን ብቻ ነበር፣ ቲሸርትም ላይ መኪና ላይም የሚጻፈው እሱ ነው፣ ሕዝቅኤል 38ን ባጃጁ ላይ የጻፈ ሰው አይቼ አላውቅም። እና ሄድፎኔን አድርጌ ያ ሁሉ ከበሮ በጎግ ላይ ሲወርድ፣ ቆይ ይሄ እኛ ላይ ነው እንዴ የሚዘፈነው ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ጀልባው ላይ የነበሩት የዘጌ እናቶች ምን ነካው ብለው አዩኝ።

ይሄን ለየኔታ ነገርኳቸው፣ ልጅ ሆኜ ፊደል ያስቆጠሩኝ ናቸው፣ አሁን አይናቸው ደክሟል ግን ጆሯቸው ከኔ ይሻላል። «የኔታ፣ እስቲ ይሄን ይስሙልኝ፣ ፈረንጆች የዮሐንስን ራእይ ዜማ ሰርተውለት ነው» ብዬ አንዱን ጆሮ ሰጠኋቸው። ብዙ ሰሙ፣ እኔ ከጠበቅኩት በላይ። ከዛ «ሰውዬው እየፈራ ነው የሚያዜመው፣ ይሄ ደግ ነው፣ ሳይፈራ ራእይ የሚያወራ ሰው አይታመንም» አሉኝ። ስለ ጦርነቱ ቅደም ተከተል ስነግራቸው ግን እጃቸውን አወናጨፉ፣ «ስንቱ ሰው ጎግ ሲባል ኖረ። ያችን ቀን ከአብ በቀር ማን ያውቃታል ተብሏል፣ እነሱ ደግሞ ተራ አስይዘዋት» አሉና ወደ ሌላ ወሬ ገቡ።

እኛ ጋ እንግዲህ መጨረሻው ዘመን ሌላ ዓይነት ነገር ነው፣ ይሄን አልበም ደጋግሜ ስሰማ ነው ያስተዋልኩት። ልጅ አባቱን ሲመልስለት፣ ሽንኩርት ሲወደድ፣ ሴት ልጅ ሱሪ ስትለብስ፣ በቃ ምን ይባላል፣ «ስምንተኛው ሺህ»። በባሕረ ሐሳብ ብታሰሉት ደግሞ ዓመተ ምሕረቱ ላይ ከዓለም መፈጠር እስከ ክርስቶስ የሚቆጠረውን 5500 ስትደምሩ 7000 ያለፈው በ1501 ዓ.ም. ነው፣ በነ ልብነ ድንግል ዘመን፣ ስለዚህ ከ500 ዓመት በላይ ስምንተኛው ሺህ ውስጥ ሆነን ነው ሽንኩርት የምንገዛው። ፍካሬ ኢየሱስ የሚባለውን የትንቢት መጽሐፍ ያነበበ የድሮ ሰው ደግሞ ከጭንቁ መሃል ቴዎድሮስ የሚባል ደግ ንጉሥ ይመጣል ብሎ ይጠብቅ ነበር፣ ካሳ ኃይሉም እ.ኤ.አ. በ1855 ሲነግሡ ስሙን ወሰዱት። ሰማያዊ ካህናቱስ ብትሉ፣ ራእይ 4 ላይ ዙፋኑን የከበቡት 24ቱ ኅዳር 24 ይከበራሉ፣ አርባዕቱ እንስሳ ደግሞ ኅዳር 8፣ ባለ ስድስት ክንፎቹ፣ ፊታቸው የሰው፣ የአንበሳ፣ የላም፣ የንስር የሆነው። አልበሙ ላይ በጣም ሩቅና አስፈሪ ሆኖ የሚመጣው ነገር እኛ ጋ በወር ስም የሚታወቅ፣ ጠላ የሚጠመቅለት ጎረቤት ነው ማለት ይቻላል። ዮሐንስም ራእዩን ያየው ደሴት ላይ ነው፣ ፍጥሞ ላይ፣ ጣና ላይ ደግሞ 37 ደሴት አለ ይባላል፣ መነኩሴ ደሴት ላይ ተቀምጦ ስለ ፍጻሜ ማሰቡ ለኛ የዘወትር ስራ ነው።

ይሄን የምለው አልበሙን ለማቃለል አይደለም። እንደውም አንድ ቦታ ላይ በጣም ነካኝ። ከዘጌ ስመለስ፣ ጠዋት፣ ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቶ፣ እምቦጩ ዳር ዳሩን ይዞ፣ ሁለተኛውን ክፍል እየሰማሁ ነበር፣ ስለ ውሃው መመረር ያለውን የራእይ 8ን ነገር አሰብኩ፣ እሬቶ የተባለው ኮከብ ወድቆ የውሃው ሲሶ መራራ የሆነበትን። ዓሣ አጥማጁ በደንገል ታንኳ አረሙን እየገፋ መንገድ ሲፈልግ ከፊቴ አለ፣ ጆሮዬ ውስጥ ደግሞ ፒያኖው ብቻውን። የትም ቦታ ላይ ብሰማው እንደዛ አይሰማኝም ነበር። ሞተሩን አጠፋሁና እስኪያልቅ ተንሳፈፍኩ፣ ናፍጣም ቆጠብኩ። ያኔ ደግሞ አንድ ነገር ታወቀኝ፣ ራእይ 8 ሲጀምር ሰባተኛው ማኅተም ሲፈታ እኩል ሰዓት የሚያህል በሰማይ ዝምታ ሆነ ይላል፣ መጽሐፉ ራሱ መሃል ላይ ዝም ይላል። እነዚህ ልጆች ዝምታ ይከብዳቸዋል። ሁሌ አንድ ነገር ይደረባል፣ መዘምራን፣ ከዛ ንግግር፣ ከዛ ደግሞ መዘምራን። ሁለተኛው ክፍል በዚህ ምክንያት ያደክማል፣ አንዳንዱ ትራክ ከፊተኛው መለየቱን የማውቀው ስልኬን ሳይ ነው።

ዋናው ቅሬታዬ ግን ሌላ ነው። ዑራ ስገባ ለእንግዳ ሁሉ የማስረዳው አንድ ስዕል አለ፣ በላዔ ሰብ። ታሪኩን የማያውቅ የለም፣ 78 ሰው የበላ ሰው ነው፣ ከዛ አንድ ቁስለኛ ለማኝ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ሰጠው፣ ሞቶ ነፍሱ ሚዛን ላይ ስትወጣ 78ቱ ነፍስ በአንድ ወገን፣ ያቺ ጥርኝ ውሃ በሌላው፣ ኪዳነ ምሕረት ጥላዋን ስታሳርፍበት ውሃዋ ደፋች። ፈረንጆች እዚህ ጋ ሁሌ «ይሄ ፍትሐዊ ነው እንዴ?» ይሉኛል፣ እኔም «አይደለም፣ ምሕረት ነው» ብዬ አልፋለሁ፣ ስንት ዓመት ያልኳት ነገር ናት። ጀርመናዊውም ጠይቆኛል። ሌጀንድ ላይ ያቺን ጥርኝ ውሃ ፈለግኳት። ጦርነቱ አለ፣ ፈረሶቹ አሉ፣ ሐመሩ ፈረስም አለ፣ አውሬው፣ ሐሳዊው ነቢይ፣ ደሙ፣ ሰማዕታቱ አሉ፣ የክርስቶስ ግርማ አለ፣ ሁሉም ትልቅ ትልቅ ነው፣ መንግስታት ናቸው የሚዳኙት። አንድ ስም የሌለው ኃጢአተኛ ሰው አንድ ትንሽ ነገር አድርጎ የሚተርፍበት ቦታ አጣሁ። ምናልባት ግጥሙ ውስጥ አንድ ቦታ አለፈኝ ይሆናል፣ እንግሊዝኛዬ የአስጎብኚ እንግሊዝኛ ነው፣ ስለ ግድግዳ ስዕልና ስለ ቡና ከሆነ ግን አልታማም።

እና ደግሞ መጨረሻ የለውም! ይሄን ሳውቅ ነው የተናደድኩት። ሦስተኛው ክፍል ለሁለት ተከፍሎ የመጀመሪያው ግማሽ በ2001 ወጣ አልኳችሁ፣ ሁለተኛው ግማሽ፣ ፍጻሜው የሚባለው፣ እንደታሰበው በይፋ ሳይወጣ ቀረ። የዓለም ፍጻሜ አልበም ፍጻሜ ሳይኖረው! ስንት ሰዓት ሙሉ በጦርነትና በመቅሰፍት ከነዱን በኋላ፣ እንባዎችን ሁሉ ከዓይኖቻቸው ያብሳል የሚለው ምዕራፍ 21 ላይ ልንደርስ ስንል መኪናው ቆመ። ምናልባት የኔ ጥርኝ ውሃ እዛ ውስጥ ነበረች፣ ማን ያውቃል። ራእዩ 22 ምዕራፍ ነው፣ ሰው የሚወደው መጨረሻዎቹን ሁለቱን ነው።

ማርክ ስጥ ካላችሁ፣ አንደኛው ክፍል ከ10 8፣ ያለምንም ማመንታት፣ በተለይ ፒያኖውና የሰውዬው ድምጽ። ሁለተኛው 6፣ ረዝሟል። ሦስተኛው ግማሽ ስለሆነ ማርክ አልሰጥም፣ ሲጨርሱ ያምጡት። መስማት ለሚፈልግ ምክሬ፣ በጾም ስሙት፣ ማታ፣ ከአንደኛው ክፍል ጀምሩ፣ ሳትቆርጡ፣ የዮሐንስን ራእይ ከጎናችሁ ገልጣችሁ፣ በአማርኛው ብትከተሉት ራሱ ይበቃል ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ከዛ ነው። ሜታል አልወድም የምትሉም ፍርሃት አይግባችሁ፣ ከጩኸት ይልቅ ለቅሶ ይቀርበዋል። ልጅ ያለበት ቤት ግን የዘፋኙን ፎቶ አታሳዩ።

ለቅሶ ስል አክስቴ ትዝ አለችኝ። ያ ሄድፎን ጭራሽ የሞተ ቀን ቤት ቁጭ ብዬ በስልኩ ስፒከር ዝቅ አድርጌ ስሰማ እሷ ቡና እየቆላች ነበር። ብዙ ዝም አለችና «አንተ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ ማን ሞቶበት ነው?» አለችኝ። «ማንም አልሞተበትም እቴቴ፣ ስለ ዓለም መጨረሻ ነው የሚያወራው።» «እኮ፣ ታዲያ ሁሉም ሊሞትበት አይደል» አለችና ቡናዋን ማመስ ቀጠለች። ሦስተኛው አልበም ድረስ አብራኝ ሰማች፣ አንዳንዴ እየተከዘች፣ አንዳንዴ ራሷን እየነቀነቀች፣ ሁለተኛው ሲኒ ላይ ስንደርስ አለቀ። «አለቀ?» «አላለቀም፣ ቀሪውን አላወጡትም።» «እንዴ፣ ሰውን እንዲህ አስጨንቆ?» እያለች ሳለ ስልኩ በራሱ ወደሚቀጥለው ፋይል ተሻገረ፣ ባለፈው ዓመት መራዊ የአጎቴ ልጅ ሲያገባ የቀዳሁት ነበር፣ እልልታው፣ ጭብጨባው፣ እስክስታው። ላጠፋው ስል እጄን መታችኝና ድምጹን ጨምር አለችኝ።